ጃፓን ስትገቡ፦ ካርዱ፣ ቋንጣው፣ ቆሻሻው

ባለፈው እትም ወደ ጃፓን የምትሄዱ፣ ሰው የላካችሁ፣ እዚያው ሆናችሁም ግራ የገባችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ጻፋችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ። ስለ ቪዛ ማመልከቻው ብዙ አላወራም፤ እሱን ኤምባሲው በዝርዝር ይነግራችኋል። ሰው የሚደናበረው ከአውሮፕላን ከወረደ በኋላ ነው።

ለማስተርስ ልሄድ ነው፤ ቪዛው ፓስፖርቴ ላይ ተመትቷል። ናሪታ ስደርስ ምን ይጠብቀኛል? ጓደኞቼ እንግሊዝኛ የሚሰማ የለም ብለው አስፈራርተውኛል።
— ጓዙን ያልሸከፈ

እንኳን ደስ ያለህ። እንግሊዝኛውን ተወው፣ ኤርፖርት ላይ ትግባባለህ። መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ፣ ቪዛው በሩ ድረስ ነው የሚያደርስህ። ግባ ወይም ተመለስ የሚልህ ኢሚግሬሽን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ፣ የስኮላርሺፑን ወረቀት፣ የምታርፍበትን አድራሻና የሚቀበልህን ሰው ስልክ በእጅ ቦርሳህ ያዝ። ሻንጣህን የምታገኘው ከኢሚግሬሽን በኋላ ነው፤ እዚያ ውስጥ ከከተትካቸው ሲጠይቁህ ምን ልታሳይ ነው? ቪዛውን ያገኘኸው የብቁነት ማረጋገጫ የሚባለውን ሰነድ አስገብተህ ከሆነ እሱንም ያዝ። የሚያገለግለው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ወር ስለሆነ ጉዞህን እያራዘምክ አትቆይ።

ጠረጴዛው ላይ የሁለት እጆችህን ሌባ ጣት አሻራ ትሰጣለህ፣ ፎቶ ትነሳለህ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ 16 ዓመት የሞላው የውጭ ዜጋ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ያልፍበታል፣ አንተን ተጠራጥረው አይደለም። ከሦስት ወር በላይ የምትቆይ ስለሆነ ናሪታ ላይ የነዋሪነት ካርድህን እዚያው አትመው ይሰጡሃል። ደስ ብሎህ ኪስህ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ስምህን፣ የልደት ቀንህን፣ የቆይታ ጊዜህን አንብብ። ስህተት ካለ እዚያው ማሳረም ይቀላል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርህ። በተማሪነት የገባህ ከሆነ የትርፍ ሰዓት ሥራ ፈቃዱን እዚያው ኤርፖርት ላይ መጠየቅ ትችላለህ። ቅጹን ከኢንተርኔት አውርደህ፣ ሞልተህ ይዘህ ሂድ፤ ካርዱን ለሚሰጥህ ሰው አስረክብ፤ ፈቃዱ ካርድህ ጀርባ ላይ ይመታል። ካመለጠህ በኋላ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄደህ ወረፋ መያዝ ነው። ፈቃዱ በሳምንት 28 ሰዓት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ረጅም ዕረፍት ሲዘጋ በቀን እስከ 8 ሰዓት ይሆናል። 28 ማለት 28 ነው። ሁለት ቦታ ብትሠራ ተደምሮ ነው የሚቆጠረው፣ ቪዛ ስታሳድስም የገቢህ ወረቀት ይታያል። ፓቺንኮ የሚባለው ቁማር ቤትና ከአስተናጋጅ ጋር የሚጠጣባቸው ቡና ቤቶች ደግሞ ለተማሪ ክልክል ናቸው፤ ሰሃን አጣቢም ብትሆን።

ቤት በገባህ በ14 ቀን ውስጥ የአካባቢህ ማዘጋጃ ቤት ሄደህ አድራሻህን አስመዝግብ። በዚያው ቀን የጤና መድን አውጣ፤ ከሕክምናው ወጪ አንተ የምትከፍለው 30 በመቶውን ነው። ባላወጣው መዋጮ አልከፍልም የምትል ከሆነ አይሠራም፤ ዘግይተህ ብትመጣም ነዋሪ ከሆንክበት ቀን ጀምሮ ይቆጥሩብሃል። 20 ዓመት ከሞላህ የጡረታ መዋጮም ይመጣብሃል፤ ተማሪ ስለሆንክ ክፍያው ይራዘምልኝ ብለህ እዚያው አመልክት። ስትጨርስ ስምህን በላቲን ፊደል ጽፈህ የፖስታ ሳጥንህ ላይ ለጥፍ። ባንኩም፣ ማዘጋጃ ቤቱም፣ 12 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥርህም በፖስታ ነው የሚመጣው፤ ስም ያላየ ፖስተኛ ደብዳቤውን ይመልሰዋል።

ልጄ ጃፓን ይማራል። በሚቀጥለው ወር የሚሄድ ልጅ ስላለ ቋንጣ፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ጥሬ ቡናና የኤሌክትሪክ ምጣድ ልልክለት አስቤያለሁ። የጉንፋን መድኃኒትም ጨምሬያለሁ። ችግር ይኖረው ይሆን?
— እናት

እናቴ፣ ቋንጣውን ያውጡት። እንደምንም ይለፍ የሚባል ነገር አይደለም። የጃፓን የእንስሳት ኳራንቲን ከላኪው አገር መንግሥት የምርመራ ምስክር ወረቀት የሌለው ሥጋ አያስገባም፤ የደረቀ ይሁን የተጠበሰ፣ ለራስ ይሁን ለስጦታ ልዩነት የለውም። ሻንጣ በሚወጣበት አዳራሽ ውስጥ ሥጋና ፍራፍሬ የሚያነፈንፉ ውሾች ይዘዋወራሉ። ውሻው ሻንጣው አጠገብ ቁጭ ካለ አለቀ። በሕጉ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 3 ሚሊዮን የን ድረስ ነው፤ የሚጠየቀው ደግሞ እርስዎ ወይም ልጅዎ ሳይሆን ሻንጣውን የያዘው የሰው ልጅ ነው። እሱን አያስጨንቁት።

ቅቤም የእንስሳት ውጤት ስለሆነ ባይልኩት እመርጣለሁ። እዚያ በየሱፐርማርኬቱ ለጋ ቅቤ አለ። ኮረሪማና በሶብላ ይላኩለት፣ ያንጥረው። ካላወቀበት በስልክ እየነገሩ ያስነጥሩት፣ ለናፍቆቱም ጥሩ ነው።

በርበሬውንና ቅመማ ቅመሙን በፌስታል ቋጥረው አይስጡ። ለችርቻሮ የታሸገውን፣ ስሙ የተጻፈበትን ይግዙ፤ ለተክል ምርመራ ሠራተኞችም ይቀላቸዋል። ጥሬ ቡና እንደ ተክል ነው የሚታየው፣ ምርመራ አለበት። ቆልተው ቢልኩት ይሻላል፤ የተቆላ ቡና ምንም አይባልም። የሚይዘው ልጅ ደግሞ ከጉምሩክ በፊት ያለው የኳራንቲን ጠረጴዛ ጋ ሄዶ ይሄ አለኝ ብሎ ያሳይ። አሳይቶ የተከለከለ ዕቃውን ጥሎ ይሄዳል። ደብቆ የተያዘ ነው ጣጣ የሚገባው።

ምጣዱ? የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው። ለ220 የተሠራ ምጣድ እዚያ ሲሰካ የሚሰጠው ኃይል ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ነው። ሊጡ ላዩ ላይ ይደርቃል እንጂ ዓይን አያወጣም። ኪሎውን ያተርፉ።

መድኃኒቱን ግን በደንብ ይዩት። ከ10 በመቶ በላይ ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት ጃፓን ውስጥ በአነቃቂ ዕፅ ሕግ ነው የሚታየው፣ ማስገባት ክልክል ነው። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕም ሊያስጠይቅ ስለሚችል ያስቀሩት። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ራሱ ሲጓዝ የአንድ ወር ያህል ይዞ መግባት ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ አስቀድሞ የማስገቢያ ማረጋገጫ ማውጣት ያስፈልጋል። ለጉንፋን ልጅዎ እዚያው ፋርማሲ ሄዶ ይግዛ።

ቆሻሻዬን አውጥቼ ማታ ስመለስ ከረጢቱ ብቻውን ቀርቷል፤ ላዩ ላይ የማላነበው ወረቀት ተለጥፎበታል። ጎረቤቶቼ ሰላም ይሉኛል፣ ምንም ያለኝ የለም። አጠፋሁ እንዴ?
— ሁለተኛ ፎቅ

አጥፍተሻል፤ ግን የሚስተካከል ነው። ወረቀቱ «የዛሬ ተራ አይደለም» ወይም «አልተለየም» የሚል ነው። የሚቃጠለው በሳምንት ሁለት ቀን ይወሰዳል እንበል፣ ፕላስቲኩ አንድ ቀን፣ ጠርሙስና ጣሳ ሌላ ቀን፣ ካርቶን ታስሮ ሌላ ቀን። ይህ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ አንዳንዱ ከተማ ስሙ የታተመበትን ከረጢት ካልገዛሽ ጭራሽ አያነሳልሽም። የውሃ ጠርሙሱ ክዳኑ ተነቅሎ፣ ልጣፉ ተልጦ፣ ውስጡ ታጥቦ ነው የሚጣለው። ማዘጋጃ ቤት ሂጂና የቆሻሻ ካላንደር ስጡኝ በይ፤ ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት አላቸው። ማቀዝቀዣሽ ላይ ለጥፊው።

ሰዓትም አለው። ጠዋት ነው የሚወጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሰዓት በፊት። ማታ ካወጣሽው ቁራዎች ይቀዳድዱታል። ከረጢቶቹ ላይ የተጣለውን መረብ ያየሽው ለቁራ ነው፤ ያንቺንም አስገብተሽ መልሰሽ ሸፍኚው። ፍራሽ፣ ወንበር፣ ትልልቅ ዕቃ ሲሆን ደውለሽ ቀን ታስይዣለሽ፣ ስቲከር ገዝተሽ ትለጥፊበታለሽ። ጨለማን ተገን አድርጎ ሜዳ ላይ መጣል ወንጀል ነው፤ ሕጉ እስከ አምስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 10 ሚሊዮን የን ይላል።

ጎረቤቶቼ ምንም አላሉም ብለሽ ደግሞ እንዳትረጋጊ። እኛ ሰፈር ቢሆን አንዷ በሯን ከፍታ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ትልሽና እዚያው ያልቃል። እዚያ ፊት ለፊት አይነግሩሽም። ለሕንፃው አስተዳዳሪ ይደውላሉ፣ አስተዳዳሪው ደግሞ መግቢያው ላይ «ክቡራን ተከራዮች» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ አንዳንዴ ሥዕል ጨምሮበት። ለሁሉም የተጻፈ ይመስላል፤ ላንቺ ነው። አዲስ ገቢን የሚያስቸግረው ከተጻፈው ደንብ ይልቅ ይሄ ነው። ስትሳሳቺ የሚጮህብሽ ስለሌለ ዝምታውን እንደ እሺታ ትወስጂዋለሽ፤ ከወራት በኋላ አከራዩ ውሉን አላድስም ሲል ነው ነገሩ የሚገባሽ። ስለዚህ ቀድመሽ ጠይቂ። ከታች ያሉትን አዛውንት በስልክሽ ፎቶ እያሳየሽ «ይሄ የቱ ጋ ነው?» ብትያቸው ደስ ብሏቸው ያሳዩሻል፤ የማይነግሩሽ ስላልጠየቅሽ ብቻ ነው። አዲስ ስትገቢ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ላሉት ትንሽ ብስኩት ወይም ፎጣ ይዘሽ በራቸውን ማንኳኳት ድሮም የነበረ ልማድ ነው። ከተማ ውስጥ እየቀረ ቢሆንም ለውጭ ሰው በጣም ይሠራል።

ደብዳቤሽ ላይ ባይኖርም አንድ ልጨምር፦ እሁድ ጓደኛ ሰብስበሽ ቡና ስታፈዪ መስኮት ክፈቺ። መኖሪያ ቤት ሁሉ የጭስ ጠቋሚ እንዲኖረው በሕግ የታዘዘ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ቡና ቆልተሽ ዕጣን ስትጨምሪበት ያ ጣሪያ ላይ ያለው ነጭ ክብ ነገር መጮህ ይጀምራል።

ቤት ልከራይ ብል ደላላው የአራት ወር ኪራይ አንዴ አምጣ አለኝ። እየበላኝ ነው?
— ኪሱ የሳሳ

ላይሆን ይችላል። መያዣው ስትወጣ የጽዳትና የጉዳት ተቀንሶ ይመለስልሃል። የአከራይ ስጦታ የሚባለው ሬይኪን አይመለስም፤ ስጦታ ነው፣ አለቀ። የደላላው ድርሻ በሕግ ከአንድ ወር ኪራይና ከታክሱ አይበልጥም። ከዚያ የመጀመሪያው ወር ኪራይና የዋስ ድርጅቱ ክፍያ ይመጣል። ደምረው። ዩ አር የሚባሉትን በመንግሥት ሥር ያሉ ቤቶች ጠይቅ፤ ስጦታ፣ ደላላ፣ ዋስ የሚባል ነገር የላቸውም፣ የገቢ ማስረጃ ግን ይፈልጋሉ። ተማሪ ከሆንክ ዩኒቨርሲቲህ ዋስ ይሆንልህ እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ።

ካርዴ ላይ ስሜ፣ የአባቴና የአያቴ ስም ተደርድሯል። ባንኩ «አይገጥምም» ብሎ መለሰኝ። የቱ ነው የማይገጥመው?
— ባለ ሦስት ስም

የካታካናው አጻጻፍ ይሆናል። ጃፓኖች የውጭ ስም የሚጽፉበት የድምፅ ፊደል ነው፤ የእኛን ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ ለይቶ የሚይዝበት መንገድ የለውም፣ ስለዚህ አንድ ስም ሁለትና ሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ማዘጋጃ ቤት አንዱን ጽፈህ፣ ስልክ ስታወጣ ሌላውን፣ ባንክ ሌላውን ከጻፍክ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ሆነሃል። ደመወዝ እንኳ ተልኮ ሊመለስ ይችላል። አንድ አጻጻፍ ምረጥ፣ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ በየሄድክበት እሱን ብቻ ገልብጥ። ቅደም ተከተሉም ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው ይሁን። የአባትህን ስም እዚህ ማስቀደም፣ የአያትህን እዚያ መዝለል የለም።

ሆስፒታል ስትሄድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት የቤተሰብ ስም ብለው የያዙትን ነው። ሰው ሞልቶ በተቀመጠበት የአያትህን ስም ከጠሩ ተነስ፣ አንተን ነው።

ቅጽ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ቢያደናግርህ አይገርምም፤ እነሱም የራሳቸው አላቸው። ከሜይ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ዘመን ሬይዋ ይባላል፣ 2026 ማለት ሬይዋ 8 ነው። 1998 የተወለደ ሰው ደግሞ ሄይሴይ 10 ብሎ ይሞላል። መስከረም ላይ ዓመት ለሚቀይር ሰው ይሄ ከባድ አይሆንም።

ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ልጄን ለመጠየቅ ለጥቂት ሳምንት ልሄድ ነው። ሕጉን እሷ ትነግረኛለች። ነውር የሆነውን ብቻ ንገሩኝ፣ ልጄን እንዳላሳፍራት።
— አባት

ጋሼ፣ ግማሹን ያውቁታል። ዕቃ በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል፣ ለታላቅ ጎንበስ ማለት፣ ሰው ቤት ባዶ እጅ አለመሄድ እዚያም ጨዋነት ነው። የሚለየውን ልንገርዎ።

ቤት ሲገቡ ከበሩ ውስጥ ዝቅ ያለ ቦታ አለ። ጫማዎን እዚያ ያወልቁና ከፍ ወዳለው ወለል በካልሲ ይወጣሉ። ያወለቁበትን ዝቅተኛ ቦታ በካልሲ አይርገጡት። ጫማውን ወደ በሩ አዙሮ ማስቀመጥ ወግ ነው። መጸዳጃ ቤት የራሱ ነጠላ ጫማ አለው፤ እሱን አድርገው ሳሎን የወጡ እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ይስቃል፣ ማንም ግን አይነግርዎትም። ስለዚህ ቀዳዳ የሌለው ካልሲ ይዘው ይሂዱ፣ የምሬን ነው።

ባቡር ውስጥ ስልክ አይነሳም። ቢደወልልዎት ዘግተው ሲወርዱ ይደውሉ። ምግብ ቤት ቲፕ አይተዉ፤ ረስተውት የሄዱ መስሎት አስተናጋጁ ገንዘቡን ይዞ መንገድ ድረስ ይከተልዎታል። ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርገው አይሰኩት፣ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክም ምግብ አይቀባበሉ፤ ሁለቱም የለቅሶ ሥርዓት ናቸው። በፍቅር ላጉርስ ብለው እጅዎን አይዘርጉ፤ ልጅዎን ያጉርሱ።

ፍል ውሃ ከወሰደችዎ ገንዳው ውስጥ የሚገባው ከታጠቡ በኋላ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሳሙናውን አጥርተው፣ ከዚያ ነው የሚገቡት፣ ያለ ልብስ። ባለቤትዎም አብረው ከሄዱ አንገታቸው ላይ ንቅሳት ካለ ልጅዎ ቀድማ ትደውል። ንቅሳት ያለው አናስገባም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ልማዱ ከወንበዴዎቹ ንቅሳት ጋር የተያያዘ ነው፣ የመስቀል ንቅሳት ነው ብሎ ማስረዳት ብዙ ጊዜ አይረዳም። የግል ገንዳ የሚያከራዩ ቤቶች አሉ።

ፓስፖርትዎን ቤት ጥለው አይውጡ። የነዋሪነት ካርድ የሌለው እንግዳ ፓስፖርቱን ይዞ መዞር አለበት። በዕድሜ እኩያዎ የሆነ ሰው ከየት ነዎት ብሎ ሲጠይቅዎና ኢትዮጵያ ሲሉት «አበበ!» ቢልዎት አይደንግጡ። በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ መሆኑንም ያስታውሳሉ።

ከሚመለስ ጓደኛዬ ብስክሌት ገዛሁ። ፖሊስ አስቆመኝና በስምህ አይደለም ብሎ አቆየኝ። ሌባ መሰልኩት?
— ባለ ብስክሌቱ

ቁጥሩን ሲያየው የሌላ ሰው ሆኖ ነው። ጃፓን ውስጥ ብስክሌት ይመዘገባል፤ ክፈፉ ላይ ያለችው ተለጣፊ እሷ ናት። ጓደኛህ ከመሄዱ በፊት የእሱን ምዝገባ ማሰረዝ፣ የሸጠልህ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ፈርሞ መስጠት ነበረበት። አሁንም አግኘውና ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፤ ብስክሌት ሱቅ ሄደህ በጥቂት የን በራስህ ስም ታስመዘግበዋለህ። ተጥሎ ያገኘኸውን ብስክሌት ግን፣ ዝጎ አፈር ቢለብስም፣ እንዳትነዳው። የጠፋ ንብረት እንደ መውሰድ ይቆጠራል።

ፖሊስ ሲያስቆምህ የነዋሪነት ካርድህን አሳይ። ሳትይዝ መገኘት ራሱ እስከ 200,000 የን ያስቀጣል፣ ኮፒ ወይም የስልክ ፎቶ አይተካውም። ስልክ እያዩ መንዳትም ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ጠብቋል፤ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ደግሞ 16 ዓመት የሞላው ብስክሌተኛ እንደ መኪና ነጂ የቅጣት ወረቀት ይቆረጥበታል፣ ለስልክ 12,000 የን ነው። ጠጥቶ መንዳት ግን በቅጣት ወረቀት የሚያልፍ አይደለም፣ ፍርድ ቤት ያደርሳል። ጃንጥላ ይዞ መንዳትም አይቻልም። የዝናብ ልብስ ግዛ፣ የምዝገባውን ወረቀት ደግሞ ኮርቻው ሥር ሳይሆን ቦርሳህ ውስጥ አድርገው፤ ብስክሌቱ የተሰረቀ ቀን የምትፈልገው እሱን ነው።